ቁጥር 1003 ማን ነው?

ኑ፣ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአንድ ኮምፒዩተር ነገር ነው። የኮምፒዩተር ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎቹ ትቼው ባለፍኩ፤ ይሄኛው ግን አንዲት ምስኪን ልጅ ሌባ ልትባል ጥቂት የቀረበት ነገር ነውና መሰማት አለበት።

ቦታው አዲስ አበባ፣ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ነው። የዚያን ሰፈር የጽሕፈት ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ፤ በር ላይ «ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ እንጽፋለን» የሚል ማስታወቂያ፣ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ አግዳሚ ላይ ዶሴ አቅፈው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች። ከእነዚህ የአንዱ ባለቤት በሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚባሉ ሴት ናቸው። በታይፕራይተር ዘመን ጀምረው እዚህ የደረሱ ናቸው። የደንበኛ ጉዳይ ከቤታቸው ሲወጣ ተሰምቶ አያውቅም። ባልና ሚስት ተካሰው ሁለቱም እሳቸው ጋ ሊያጽፉ ቢመጡ፣ አንዱ የሌላውን መልስ አያይም።

ሁለት ጸሐፊዎች አሏቸው፤ አንድ ወጣትና አንዲት ልጅ። ልጁ ጠዋት፣ ልጅቷ ከሰዓት፣ በአንዱ ኮምፒዩተር በየተራ ይሠራሉ። እትዬ ታዲያ ገና ሲቀጥሯቸው «የየራሳችሁ አካውንት፣ የየራሳችሁ ፓስወርድ ይኑራችሁ» ብለው አዘዙ። ዲ በተባለው ዲስክ ላይ ለእያንዳንዳቸው ፎልደር ተከፈተ፤ የልጁን ልጅቷ አትከፍትም፣ የልጅቷን ልጁ አይከፍትም። ቤቱ በዚህ ሥርዓት ሰላም ውሎ ያድር ነበር።

አንድ የግንቦት ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከነነጎድጓዱ መጣ። መብራት ሄደ። መጣ። እንደገና ሄደ። ዩፒኤሱ ባትሪው ካረጀ ቆይቷል፤ ከመጮህ በቀር ሌላ አልፈየደም። ማታ ላይ መብራቱ ጸንቶ ሲመጣ ኮምፒዩተሩን አበሩት፤ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። የሬጅስትሪ ፋይል ተበላሽቷል ይላል።

እዚህ ላይ ለአፍታ ቁሙልኝ። ሬጅስትሪ የሚሉት ዊንዶውስ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ሁሉ የሚያስቀምጥበት መዝገብ ነው፤ ምን ፕሮግራም ተጭኗል፣ የትኛው ፕሪንተር ተገጥሟል፣ በዚህ ማሽን ላይ እነማን አካውንት አላቸው፣ ሁሉም እዚያ ነው። በዲስኩ ላይ ግን አንድ ፋይል አይደለም። ዋና ዋናዎቹ አምስት ናቸው፤ ሲስተም፣ ሶፍትዌር፣ ሳም፣ ሴኩሪቲ፣ ዲፎልት። አምስቱም ዊንዶውስ ውስጥ፣ ሲስተም 32 ውስጥ፣ ኮንፊግ በተባለ ፎልደር ይኖራሉ። ሳም የተባለውን በተለይ ያዙልኝ፤ የሰዎቹን አካውንትና የፓስወርዳቸውን ማረጋገጫ የያዘው እሱ ነው። የዛሬው ነገር ሁሉ የሚሽከረከረው በሱ ላይ ነው።

የእትዬ የወንድም ልጅ ተጠራ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ እጁ ለኮምፒዩተር የማይሰንፍ ልጅ ነው። የዊንዶውስ መጫኛ ያለበትን ፍላሽ ሰክቶ ማሽኑን በሱ አስነሣና የትእዛዝ መስኮቱን ከፈተ። መጀመሪያ የሄደው ሬግባክ ወደሚባለው ፎልደር ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ የሬጅስትሪውን ቅጂ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነበር። ነበር ነው የምላችሁ። ፋይሎቹ በስማቸው ተደርድረዋል፤ መጠናቸው ግን ዜሮ። ይሄ በብዙ ሰው ላይ የደረሰ ድንጋጤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም 1803 ወዲህ ማይክሮሶፍት ይህን ቅጂ ሆን ብሎ አቁሞታል፤ የዲስክ ቦታ ለመቆጠብ ነው ይላል። እኔ ግን ለዚህች ቁጠባ ሲባል ስንት ቤት እንደተጎዳ ሳስብ ያናድደኛል። ቅጂው ከቆመ ባዶ ፋይሎቹስ ለምን እዚያው ተደርድረው ሰው ተስፋ እንዲያደርግባቸው ይደረጋል?

ደግነቱ፣ ኮምፒዩተሩ ሲገዛ ያዘጋጀው ሰው አምስቱን ፋይሎች ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ገልብጦላቸው ነበር። ልጁና ልጅቷ ያኔ ገና አልተቀጠሩም፤ በቤቱ የነበሩት እትዬና ኋላ ሥራ የለቀቀች አንዲት ጸሐፊ ብቻ ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ያንን አሮጌ ቅጂ አገኘ። ከመገልበጡ በፊት ታዲያ አንድ ነገር አደረገ፤ ኮንፊግ ውስጥ የነበሩትን አምስት ፋይሎች አልሰረዛቸውም። ሌላ ፎልደር ከፍቶ ወደዚያ አዛወራቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን። ከዚያ አምስቱንም አሮጌዎች በቦታቸው አስቀመጠና ማሽኑን አስነሣ።

ዊንዶውስ ተከፈተ! እትዬ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ግን ፓስወርዳቸውን ቢያስገቡ «ልክ አይደለም» አላቸው። ደግመው አስገቡ፣ ያው ነው። ቆይተው አንድ ነገር ትዝ አላቸውና ከብዙ ጊዜ በፊት የቀየሩትን፣ የድሮውን አስገቡ። ገባላቸው። ስክሪኑ ላይ ደግሞ የለቀቀችው ጸሐፊ ስም ቁጭ ብሏል። የልጁ ስም የለም። የልጅቷም የለም።

«እነዚህ ልጆች የት ሄዱ?» አሉ እትዬ።

«ቀላል ነው እትዬ፣ አሁን እከፍትላቸዋለሁ» አለ የወንድማቸው ልጅ። ልጅቷ በማግስቱ የሚቀርብ የይግባኝ ቅሬታ ነበረባትና ቅድሚያ ለሷ ሰጠ፤ በስሟ አዲስ አካውንት ከፈተላት። የልጁን ነገ ጠዋት መጥቼ እከፍታለሁ ብሎ ሄደ።

ልጅቷ ገባች። ዴስክቶፑ ባዶ ነው። የተጠቃሚዎች ፎልደር ውስጥ ብታይ በስሟ ሁለት ፎልደር ተቀምጧል፤ አንዱ የድሮዋ፣ ሌላው ስሟ ላይ ነጥብ ተደርጎ የኮምፒዩተሩ ስም የተቀጠለበት። የድሮዋን ጠቅ ብታደርግ «አክሰስ ዲናይድ»፣ መግባት ተከልክሏል። ዲ ዲስክ ላይ ወዳለው ፎልደሯ ብትሄድ ያው መልስ። የገዛ ሥራዋ፣ የገዛ ስሟ፣ ግን አትገቢም! ቅሬታው ወዴት እንደገባ ስትፈልግ፣ የጨነቀው ሰው በየበሩ እንደሚያንኳኳ ሁሉ፣ የልጁን ፎልደር ጠቅ አደረገችው።

ተከፈተ።

ደነገጠች። ዘጋችው። ቅሬታውን ከወረቀቱ ላይ እንደ አዲስ ተይባ፣ አትማ፣ አምሽታ ወጣች። ለማንም አልተናገረችም፤ ለማን ምን ብላ ትናገር?

በነጋታው ልጁ መጣ። የወንድማቸው ልጅ ገና አልደረሰም። እትዬ በራሳቸው አካውንት አስገቡት፤ ፎልደሩን ቢነካው ተከለከለ። የፎልደሩን የፈቃድ ገጽ በአድሚኒስትሬተርነት ከፍቶ አየ። ባለቤት በሚለው ቦታ ላይ የልጅቷ ስም ተጽፏል። ሙሉ ፈቃድ በሚለውም ላይ የልጅቷ ስም። የሱ ስም በአካባቢው የለም።

«እትዬ፣ ይዩ! ፎልደሬን ወስዳዋለች! ሰዉ እኔን አምኖ የነገረኝን ሁሉ አንብባዋለች!»

ልጅቷ ስትጠራ አልካደችም። «ከፍቻለሁ፤ ፋይሌን ስፈልግ ነው። ምንም አላነበብኩም፣ ወዲያው ዘጋሁት። እንዲያውም ቁልፍ ምልክት ያለባቸው ፋይሎች አሉ፣ እነሱ ላይ እጄ ቢያርፍም አልተከፈቱም» አለች። ማን ይመናት! በዚያ ሰፈር ማስረጃ ማለት ወረቀት ነው፣ ይሄም ተጽፎ የተገኘ ነገር ነው፤ ማሽኑ ራሱ ባለቤቱ እሷ ናት እያለ! እትዬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጁ ጮኸ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ባለጉዳዮች እርስ በርስ ተያዩ።

በዚህ መሐል ጎረቤት ካለው የኮምፒዩተር ሱቅ አንድ ልጅ ጩኸቱን ሰምቶ ገባ። «ይሄማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» አለ። «ቴክኦውን የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሲንም ዲንም ሙሉ በሙሉ ባለቤትነቱን ወደ እትዬ አዙሬ፣ ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ እሰጣለሁ። ከዚያ በኋላ የሚከለከል የለም።» እጁ ወደ ኪቦርዱ ሊሄድ ሲል፣ ለእትዬ ፕሪንተር ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ባለሙያ ቀለም ሊያቀብሉ በሩ ላይ ደረሱ። ሰፈሩ «ጋሼ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

«ተው፣ ተው የኔ ልጅ» አሉ ጋሼ። «እጅህን አንሣ። መጀመሪያ እንስማ።»

ሰሙ። ከልጁ ሰሙ፣ ከልጅቷ ሰሙ፣ በስልክ ከወንድማቸው ልጅ ሰሙ። የቁልፍ ምልክቱ ነገር ሲነገራቸው ልጅቷን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረው እንዲህ ጠየቁ፤ «እትዬ፣ ፍርድ ቤቱ አንድን ጉዳይ የሚያውቀው በምንድን ነው? በከሳሹ ስም ነው?»

«በመዝገብ ቁጥሩ ነዋ» አሉ እትዬ። «ስምማ ስንቱ ሞክሼ አለ!»

«ፋይሎቹም ላይ የተጻፈው የመዝገብ ቁጥር ነው እንጂ ስም አይደለም» አሉ ጋሼ። «ስሙን ዊንዶውስ የሚያመጣው ያን ቁጥር ሳም ውስጥ ፈልጎ ነው።»

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ፤ ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ሳታውቁ የጋሼን ነገር መከተል ይከብዳችኋል። ድሮ በቤታችን የነበረው ዊንዶውስ 95 ፋይል ላይ የባለቤት ስም አይጽፍም ነበር፤ ማሽኑ ፊት የተቀመጠ ሁሉ ሁሉን ይከፍታል። በሌላ በኩል ግን ዴቭ ከትለር የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1988 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ከተባለው ኩባንያ ወደ ማይክሮሶፍት ተሻግሮ፣ ብዙ ሰው አንድ ማሽን ቢጋራ እንኳ የየራሱ ተጠብቆ የሚቆይበትን ዊንዶውስ ኤንቲን ይዞ ተነሣ። በ1993 ወጣ። ከሱ ጋር ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው የፋይል አደረጃጀት መጣ፤ እያንዳንዱ ፋይልና ፎልደር ባለቤቱንና ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የሚናገር የፈቃድ ዝርዝር ይዞ ይኖራል። በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲወጣ ይህ አሠራር ተራው ሰው ቤት ገባ። ዛሬ እኛ የምንጠቀምበት ሁሉ የዚያ ዘር ነው።

ዝርዝሩ ላይ የሚሰፍረው እንግዲህ ሲድ የሚባለው የደኅንነት መለያ ቁጥር ነው። አጻጻፉ ኤስ፣ 1፣ 5፣ 21 ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሦስት ረጃጅም ቁጥሮች ይመጣሉ፤ እነዚያ የማሽኑ ናቸው፣ ለሁሉም አካውንት አንድ ዓይነት ናቸው። መጨረሻ ላይ የምትመጣው አጭር ቁጥር ናት ሰውን ከሰው የምትለየው። 500 ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው አድሚኒስትሬተር ነው፣ 501 እንግዳው ነው፤ ሰዎች የሚከፍቷቸው አካውንቶች ከ1000 ወዲያ ይቆጠራሉ። አንድ አካውንት ቢሰረዝ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም፤ ቆጣሪው ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ የተደረገው የሟች ንብረት ለማያውቀው ሰው እንዳይተላለፍ ነው።

ቆጣሪው ግን የት ነው የሚቀመጠው? እዚያው ሳም ውስጥ!

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በልጅቷ አዲስ አካውንት ገብተው የትእዛዝ መስኮት ከፈቱና «እኔ ማን ነኝ» የሚለውን ትእዛዝ፣ ሁአምአይን፣ ቁጥር እንዲያሳይ አድርገው ጻፉ። ረጅሙ ቁጥር ወጣ፤ መጨረሻው 1003። ወረቀት ላይ ጻፉት። ቀጥለው የእትዬን አዩ፤ 1001። የለቀቀችው ጸሐፊ፤ 1002። ከዚያ በእትዬ አካውንት በአድሚኒስትሬተርነት ከፍተው፣ አይካክልስ በሚባለው ትእዛዝ የልጅቷን የድሮ ፎልደር ጠየቁ። በስም ፋንታ ራቁቱን ቁጥር አመጣ፤ መጨረሻው 1004። ይህ ቁጥር በሳም ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ዊንዶውስ ስም ሊያወጣለት አልቻለም፤ በፈቃድ ገጹም ላይ «ያልታወቀ አካውንት» ይለዋል።

«አየህ የኔ ልጅ» አሉ ወደ ልጁ ዞረው። «እዚህ ቤት መጀመሪያ የተቀጠርከው አንተ ነህ። ቁጥርህ 1003 ነበር። እሷ ከአንተ በኋላ መጣች፣ 1004 ሆነች። ትናንት አሮጌው ሳም ሲመለስ ሁለታችሁም ጠፋችሁ፤ ቆጣሪውም ሁለታችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ወደነበረበት ተመለሰ። ቀጥሎ የሚከፈተው ማንም ይሁን ማን፣ 1003 ይባላል። የተከፈተው የሷ ነው። ፎልደርህ ላይ አንድም ነገር አልተለወጠም፤ ዛሬም 1003 ነው የተጻፈበት። ዊንዶውስ ግን 1003 ማን ነው ብሎ ሳምን ሲጠይቅ የሷን ስም አመጣለት። አልወሰደችብህም። የአንተን ቁጥር ሳታውቅ አለበሷት።»

ልጁ ዝም አለ። ወረቀቱን አንሥቶ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«የቁልፍ ምልክት ያለባቸውስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እነሱ የተመሰጠሩ ናቸው። እንደዚያ ያደረግካቸው አንተ ነህ?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። የፋይል ማመስጠር ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ አለ። እዚያ ላይ የፈቃድ ዝርዝሩን መለወጥ ምንም አይረዳም፤ የተመሰጠረውን የሚፈታው ቁልፍ በባለቤቱ ፕሮፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ እሱም በፓስወርዱና በመለያ ቁጥሩ ተጠቅልሎ ነው። ልጅቷ ቁጥሩን ብትለብስም ቁልፉ አልነበራትምና አልተከፈቱላትም። የተናገረችው እውነት መሆኑን ያሳየው ይሄ ነው። በጋሼ ላይ ገና ከመነሻው ጥርጣሬ ያሳደረባቸውም ይሄው ነው፤ ፎልደር የሰረቀ ሰው የሚከፈተውንና የማይከፈተውን ቆጥሮ አይናገርም።

አሁን የሱቁን ልጅ ምክር መለስ ብለን እንየው፤ ብዙ ቤት የሚደረገው እሱ ነውና። ባለቤትነትን መውሰድ ኃጢአት አይደለም፤ አድሚኒስትሬተር ያን ማድረግ እንዲችል ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ባለቤቱ የጠፋ ፎልደር ሲገኝ መፍትሔው እሱ ነው። በአንድ የታወቀ ፎልደር ላይ፣ የማን እንደሆነ ተረጋግጦ ከሆነ እሰየው። በሲ ዲስክ ላይ በጅምላ ሲሆን ግን ጥፋት ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ የሲስተሙ ፋይሎች ባለቤት ትረስትድ ኢንስቶለር የሚባል አገልግሎት ነው፤ አድሚኒስትሬተር እንኳ በቀላሉ እንዳይነካቸው ነው። ያንን በአንድ ትእዛዝ አፍርሶ ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ መስጠት ቫይረስን በር ከፍቶ ማስገባት ነው፤ የዊንዶውስ እድሳቱም ሊሰናከል ይችላል፤ ወደ ነበረበት የሚመልስ ቁልፍም የለም። ዲ ላይ ደግሞ የባሰ ነገር ይሠራል። 1003 እና 1004 የሚሉትን ምልክቶች አጥፍቶ በሁሉም ላይ 1001 ይጽፋል። የዚያች ልጅ ንጹሕነት የተጻፈው በነዚያ ቁጥሮች ነበር። ጋሼ ትንሽ ዘግይተው ቢሆን ኖሮ የሚያስረዳላት አንድም ነገር አይቀርም ነበር! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ሰው ማሽኑን ለማዳን ሲጣደፍ በማሽኑ ውስጥ ያለውን ሰው ይረሳል።

የወንድማቸው ልጅ በዚህ ጊዜ ደረሰ። ነገሩ ሲገባው ብልህ ነውና «እንግዲያው የሷን አካውንት በልጁ ስም እንቀይረው፤ ሌላ ስንከፍት 1004 ይሆናል፣ እሱን ለሷ እንስጣት» አለ። ለፈቃዱማ ይሠራል። ጋሼ ራሳቸው «ሌላ መንገድ ባይኖር እሱን አደርግ ነበር» ብለዋል። ግን የተመሰጠሩት ፋይሎች አሉ፤ ለነሱ የልጁ የቀድሞ ፓስወርድና የቀድሞ ፕሮፋይሉ ሳይዛነፉ መገናኘት አለባቸው፤ በግምት የሚነካ ነገር አይደለም። ስለዚህ ጋሼ ሌላ ጠየቁ።

«ትናንት የተበላሹትን ፋይሎች ምን አደረግካቸው?»

«አልሰረዝኳቸውም፣ አዛውሬያቸዋለሁ።»

«ተባረክ!» አሉና ተነሡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ረጅም ነው፣ እኔ ግን ባጭሩ ልለፈው። ጋሼ መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ኤክስተርናል ላይ አወጡ፤ ይህን ሳያደርጉ አንድ ፋይል አልነኩም። ከዚያ የተዛወሩትን አምስቱን ፋይሎች ቅጂ ወደ ራሳቸው ላፕቶፕ ወስደው በሬጅኤዲት አንድ በአንድ ጫኗቸው። ሬጅኤዲት የሌላ ማሽን የሬጅስትሪ ፋይል ጭኖ ማየት ይችላል፤ ጤነኛው ይከፈታል፣ የተሰበረው አልከፈትም ይላል። ሲስተም ተከፈተ። ሳም ተከፈተ፤ ሴኩሪቲና ዲፎልትም ተከፈቱ። ሶፍትዌር፣ ከሁሉ ትልቁና ዊንዶውስ ብዙ የሚጽፍበት፣ እሱ ብቻ አልከፈትም አለ። ከአምስቱ የተሰበረው አንዱ ነበር! አራቱ ጤነኞች በከንቱ ከሥራ ወጥተው አሮጌ ተተክቶባቸው ነው ቤቱ የታመሰው።

ማሽኑን በፍላሹ አስነሡ፤ ዊንዶውስ ሥራ ላይ እያለ እነዚህን ፋይሎች መንካት አይቻልምና። በፍላሽ ሲነሣ የዲስኮቹ ፊደል ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ሲ የሚለው እውነተኛው ሲ መሆኑን አይተው አረጋገጡ። አራቱን ወደ ቦታቸው መለሱ፣ ለሶፍትዌር ብቻ አሮጌውን ቅጂ ተዉለት። ሲከፈት የልጁም የልጅቷም ስም ስክሪኑ ላይ መጣ። እትዬ አዲሱ ፓስወርዳቸው ሠራላቸው። ትናንት የተከፈተው አካውንት ከነአሮጌው ሳም ጠፋ፤ 1003 ወደ ልጁ ተመለሰ።

ገና አላለቀም ግን። የትኛው ቁጥር የትኛው ፕሮፋይል ፎልደር እንዳለው የሚመዘግበው ፕሮፋይል ሊስት የሚባለው ክፍል ያለው ሶፍትዌር ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ አሮጌ ነው፣ 1003ን የሚያውቃት በልጅቷ በትናንቱ ባዶ ፎልደር፣ 1004ን ጭራሽ አያውቃትም። እንዲሁ ቢገቡ ልጁ የልጅቷ ባዶ ዴስክቶፕ ላይ ያርፋል። ጋሼ ልጆቹን ከመግባት ከልክለው፣ በእትዬ አካውንት ሬጅኤዲት ከፍተው የ1003ን አድራሻ ወደ ልጁ የቀድሞ ፎልደር አዞሩ፤ ለ1004 አዲስ መስመር ከፍተው የልጅቷን የቀድሞ ፎልደር አድራሻ ጻፉ። ከዚያ «ግቡ» አሉ። ልጁ ገባ፤ ዴስክቶፑ እንዳለ፣ የተመሰጠሩትም ተከፈቱለት። ልጅቷ ገባች፤ የራሷ ሁሉ ከቦታው። የአማርኛ መተየቢያው ፓወር ግዕዝና አንዳንድ ከአሮጌው ቅጂ በኋላ የገቡ ፕሮግራሞች እንደገና መጫን ነበረባቸው፤ እሱ ቀላል ነው።

አንድ ነገር ቀረ። ያ ልጅቷ ትናንት ያመሸችበት የይግባኝ ቅሬታ። የጻፈችው በ1003 ስም ነው፤ አሁን 1003 ልጁ ነው። ጋሼ ልጁን ጠሩና የቅሬታውን የፈቃድ ገጽ ከፍተው አሳዩት። ባለቤት በሚለው ላይ የሱ ስም ተጽፏል።

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አሉት።

«አይደለሁም፣ ጋሼ።»

ወደ ልጅቷ ሄደና ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። «ጮኸህብኝ ብትዪኝ መልስ የለኝም» አላት። እሷም «እኔም በሰዓቱ ላንተ መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ» አለችው። ጋሼ በአይካክልስ የቅሬታውን ባለቤት ወደ 1004 አዞሩ፤ ፈቃዱንም ለሷ ሰጡ። የሱቁ ልጅ ቆሞ ያይ ነበርና «ጤነኛ ሳም ባይገኝስ?» ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጋሼም ደስ ብሏቸው መለሱለት፤ አይካክልስ የአንድ ፎልደር የፈቃድ ዝርዝር በሙሉ ወደ ፋይል ያወጣል፤ መልሶ ሲያስገባ አሮጌው ቁጥር በአዲስ ቁጥር እንዲተካ ማዘዝ ይቻላል፤ የ1004ን ለልጅቷ አዲስ ቁጥር፣ የ1003ን ለልጁ አዲስ ቁጥር፣ ማንም የማንንም ሳይወስድ። ባለቤትነቱ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ስለማይወጣ ለብቻው መዞር አለበት። የሱቁ ልጅ በስልኩ ላይ ጻፈው።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ዊንዶውስ ያቆመውን ቅጂ ሬጅስትሪው ውስጥ ገብተው እንደገና አስጀመሩት፤ በሌላ ቀን መጥተው ሬግባክን ሲከፍቱ ፋይሎቹ መጠን አውጥተዋል። እሱ ግን ከዚያው ዲስክ የማይወጣና የመጨረሻውን ብቻ የሚይዝ ስለሆነ አልበቃቸውም፤ የዲስኩ ሙሉ ቅጂም ኤክስተርናል ላይ በየጊዜው እንዲወጣ አደረጉ። ሬጅስትሪውና ፋይሎቹ የአንድ ቀን ሆነው አብረው እንዲቀመጡ ነው። ለዩፒኤሱም አዲስ ባትሪ ተገዛ።

እትዬ ደግሞ የደንበኞችን የመዝገብ ቁጥር የሚይዙበትን ትልቁን ደብተር አወጡና በመጨረሻው ገጽ ላይ በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ 1001 እኔ፣ 1002 የለቀቀችው፣ 1003 እሱ፣ 1004 እሷ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሦስተኛ ጸሐፊ ሲቀጥሩ አካውንቱ በተከፈተበት ቀን 1005 ብለው ጨመሩ፤ ባክአፑም በዚያው ቀን ታደሰ።